«ዶክተሩ አላይህም አለኝ»፦ ሐኪምና ታካሚ ሲለያዩ የሚሠሩ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ የሀዋሳ ክሊኒክ አንዲት እናት ከካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ጋር ተጨቃጨቁ። ነገሩ የወረፋ ነው። ድምፅ ከፍ አለ፣ ስድብም ተጨመረበት። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቦታ ይታዩ በሏቸው» አልኩና መልሼ ዘጋሁት። ለካ የመጡት የሚጥል በሽታ ላለበት ልጃቸው ነው። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቱ፣ ከፌኖባርቢታል፣ የቀረው የአራት ቀን ብቻ ነበር። አልጠየቅኩም።

እናትዬው የመድኃኒቱን ፖስታ ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። አንዲት ነርስ ፖስታው ላይ የተጻፈውን አንብባ ሐኪም ጋ አደረሰቻቸው። ልጁ ደህና ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የሚወራውን በጥሞና መስማት ጀመርኩ። አብዛኛው ስህተት ነው፤ የእኛ የሐኪሞቹ ደግሞ ይብሳል።

«ሐኪም ታካሚን አላይም ማለት አይችልም»

ይችላል። ዛቻ ካለ፣ መተማመን ከጠፋ፣ «የውሸት የሕመም ፈቃድ ጻፍልኝ» የሚል ውትወታ አላቆም ካለ፣ መለያየቱ ለታካሚውም ይሻላል። የማይቻለው ድንገተኛ ሲሆን ነው። ደም እየፈሰሰው የመጣን ሰው «አንተማ ባለፈው ሰድበኸኛል» ብሎ መመለስ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ከባድ ችግር የደረሰበትን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ያለ ሐኪምን ይቀጣል። ጥላቻና ንቀት በቂ ምክንያት አይደሉም፤ የገንዘብ ስስትም እንደዚሁ።

«ካርዱ ተዘጋ፣ አለቀ»

የእኔ ስህተት ይሄ ነበር። የዓለም የሕክምና ማኅበር በ1981 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ያወጣው፣ በኋላም የተሻሻለው የታካሚዎች መብት መግለጫ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሕክምናው አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ፣ ታካሚው ሌላ ሐኪም እንዲያገኝ ሳይረዱትና በቂ ጊዜ ሳይሰጡት ማቋረጥ አይፈቀድም።

ታዲያ በቂ ጊዜ ስንት ነው? አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች 30 ቀን ይሰጣሉ። እኛ ጋ ይህችን ቁጥር እንደ ሕግ የሚጠቅስ ሰው አጋጥሞኛል። ልማድ ናት። ጉንፋን ይዞት ለመጣ ሰው 30 ቀን ምን ያደርግለታል? መውለጃዋ ለደረሰ ነፍሰ ጡር ግን ያንሳል። ቦታውም ይወስነዋል። ለደም ግፊት ሀዋሳ ላይ ሌላ ሐኪም ማግኘት የአንድ ባጃጅ መንገድ ነው። አንዳንድ ስፔሻሊስት ፍለጋ ግን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ይጠይቃል።

አሁን እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ አስጠነቅቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይበርዳል። ካልሆነ ታካሚውን አስቀምጬ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ለጥበቃና ለካርድ ክፍል አልተውም። በደብዳቤም እሰጠዋለሁ፦ ምክንያቱ በአጭሩ፣ እስከ መቼ እንደማየው፣ ቀጥሎ የት መሄድ እንደሚችል። ከዚያ መድኃኒቱን እቆጥራለሁ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በላይ በላዩ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ያለ ኢንሱሊን ጥቂት ቀን ከቆየ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዲሱ ሐኪም ጋ እስኪደርስ የሚበቃውን አዝለታለሁ።

«የከሰሰና ምክር ያልሰማ ይባረራል»

የእንግሊዝ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ታካሚው ስላማረረ ብቻ አታሰናብቱት ይላል። እኔም እስማማለሁ፤ ቅሬታ ያቀረበ ሁሉ ከተባረረማ ማን ይናገራል?

ምክር አለመስማት ሲሆን መጀመሪያ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው። በዐቢይ ጾም የግፊታቸውን ኪኒን የሚያቆሙ አንድ አባት ነበሩኝ። ልቆጣ ስል «ዶክተር፣ ጾም ነው እኮ!» አሉኝ። «ታዲያ አባባ፣ ከጾሙ ሲፈቱ ማታ ቢውጡትስ?» ዝም ብለው አዩኝ። እስከዚያ ቀን ይሄን የነገራቸው ሰው አልነበረም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ነው፣ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «አይታዘዝም» ብሎ ማሰናበት የራስን ስንፍና ታካሚ ላይ መለጠፍ ነው።

«መዝገቡ የክሊኒኩ ነው፣ አይሰጥም»

ወረቀቱ ክሊኒኩ ጋ ይቀመጥ። ውስጡ ያለው መረጃ ግን የታካሚውን ሕይወት የሚመለከት ነው። የበሽታው ስም፣ መድኃኒቱ ከነመጠኑ፣ የማይስማማው ነገር፣ የላብራቶሪ ውጤት፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ በሌላ መንገድ ይጠየቅ እንጂ ወረቀቱ መያዣ አይሁን። ሪፈር ወረቀት ላይ ደግሞ «አስቸጋሪ ሰው ነው» ብሎ መጻፍ ነውር ነው። ምስጢሩም አብሮ አይሰናበትም፤ የዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል።

ለዚያች እናት ይህን አንድ ገጽ የጻፍኩት ዘግይቼ፣ ጤና ጣቢያ መታየታቸውን ከሰማሁ በኋላ ነው። ተቀበሉኝ፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ያን ቀን ይሄን ቢሰጡኝ ኖሮ እኮ አልቀየምም ነበር» አሉኝ።

«ለሌላ ሐኪም ካስተላለፍኳት በኋላ ቡና ብጋብዛት ምን አለበት?»

አለበት። ለፍቅር ሲባል ካርድ መዝጋት መላ አይሆንም። በተለይ በአእምሮ ሕክምና።

«ሐኪሙ ራሱ ሲለቅ ማሳወቅ አይጠበቅበትም»

ይጠበቅበታል። መንግሥት ሆስፒታል ላይ ታካሚው የተቋሙ ስለሆነ ሌላ ሐኪም ይቀጥለዋል። በግል ክሊኒክ ግን ብዙዎች የሚመጡት ሰውዬውን ብለው ነው። እኔ ስለቅ ስልክ ላላቸው ደወልን፣ በር ላይም በአማርኛና በሲዳምኛ ጽፈን ለጠፍን። ማንበብ ለማይችሉት ያቺው የካርድ ክፍል ልጅ አንድ ወር ሙሉ በቃል ስትነግር ከረመች።