ሕገ ወጥ የፖስታ ቴምብር ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ፣ በጣሊያን ዘመን በተሠራው ፖስታ ቤት መስኮት የሚሸጥ ቴምብር ዋጋ የሚያገኘው ከሥዕሉ ውበት አይደለም። ላኪው የማጓጓዣውን ሒሳብ እንደ ከፈለ፣ ፖስታ ቤቱም ደብዳቤውን ለተቀባዩ የማድረስ ግዴታ እንደ ገባ የሚመሰክር ደረሰኝ ስለሆነ ነው። ሕገ ወጥ የፖስታ ቴምብር የሚባለው ይህ ግዴታ የሌለበት ወረቀት ነው፤ የአንድ አገር ስምና ዋጋ ታትሞበት፣ ዳር ዳሩ ተበስቶ፣ ጀርባው ሙጫ ተቀብቶ ሲታይ ምንም አይጎድለውም፤ ነገር ግን ስሙ የተጻፈበት አገር የፖስታ መሥሪያ ቤት አላዘዘውም፣ አላሳተመውም፣ በመስኮቱም ሸጦት አያውቅም።

ይህን ከፎርጅድ ቴምብር ጋር መቀላቀል አይገባም። ፎርጅድ የሚመስለው እውነተኛ ቴምብር አለው። በ1886 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክ ምስልና የአንበሳ ሥዕል ይዘው የወጡት፣ ፓሪስ የታተሙት ሰባቱ የመጀመሪያ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል የእጅ ማኅተም ተመቶባቸው ነበርና፣ ያ ማኅተም ዋጋቸውን ከፍ ስላደረገው በኋላ አስመስለው የመቱት ሰዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሐሰት ባለሙያ በአጉሊ መነጽር ቀለሙንና የፊደሉን ቅርጽ ከእውነተኛው ጋር አስተያይቶ ያጋልጠዋል። ሕገ ወጡ ቴምብር ግን የሚስተያይበት እውነተኛ መንትያ ስለሌለው፣ ወረቀቱን ቀኑን ሙሉ ቢያገላብጡት የሚናገረው ነገር የለም፤ መልሱ ያለው በፖስታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው።

ቴምብር ከድንበር ውጭ የሚከበረው በመንግሥታት ስምምነት መሆኑን የራሳችን ታሪክ ያሳያል። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ የምኒልክ ቴምብር የሚሠራው በአገር ውስጥ ብቻ ነበርና፣ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ (የዛሬዋ ጅቡቲ) ቴምብር ጭምር ይለጠፍበት ነበር። ዛሬ 192 አባል አገሮች ያሉት ይህ ኅብረት ቴምብር ማውጣት የአባል አገሩ ባለሥልጣን ብቻ ሥልጣን መሆኑን፣ የአገሩም ስም በላቲን ፊደል መጻፍ እንዳለበት በስምምነቱ ደንግጓል፤ በእኛ ቴምብሮች ላይ ከአማርኛው ጎን የላቲኑ ጽሑፍ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

የሕገ ወጥ ቴምብር ገበያ የሰፋው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የፖስታ ኅብረቱ በማያውቃቸው ግዛቶች ስም የተሠሩ ቴምብሮች ጎርፈዋል፤ በአብካዚያ ስም የወጣና ማርክስና ሌኒን ይኖሩበታል ሲባል ኮሜዲያኑን ግራውቾ ማርክስንና ዘፋኙን ጆን ሌነንን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ቴምብር እስከ ዛሬ ያስቃል። የሶማሊያ ጉዳይ ግን አያስቅም፤ ማዕከላዊ መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወድቅ ስሟን የሚጠብቅላት ፖስታ ቤት ስላልነበረ፣ በሩቅ አገር ያሉ አታሚዎች ያሻቸውን ሥዕል በስሟ እያተሙ ቸረቸሩ።

ከዓመታት በፊት ከውጭ በመጣ አንድ እሽግ ውስጥ እኔም በሶማሊያ ስም የታተመ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሉህ ገዝቻለሁ። በዘጠኙም ቴምብሮች ጥግ ላይ የፖስታ ማኅተም ሩብ ክብ በጥቁር ቀለም አርፏል፤ ዘጠኙም ላይ በአንድ ቦታ፣ ሚሊሜትር ሳይዛነፍ። ሉሁን ስገለብጠው ሙጫው እንዳለ ያብረቀርቃል። ተልሶ ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ሙጫው አይተርፍለትም፤ ይህ ማኅተም ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ነበር። እርግጥ ሕጋዊ ፖስታ ቤቶችም ለቴምብር ሰብሳቢ የሚሆን ቀድሞ ማኅተም የተመታበት ቴምብር ስለሚሸጡ፣ ይህ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም። ሥዕሉ ለአገሩ ባዕድ መሆኑም እንዲሁ፤ ከውጭ ወኪል ጋር ውል ገብተው በሆሊውድ ተዋናዮች ምስል ቴምብር የሚያወጡ መንግሥታት አሉ፤ ማስተዛዘቡ ባይቀርም ሕጋዊ ነው።

ችግሩ ታዲያ እነዚህ ወረቀቶች መንገድ አለመሄዳቸው ነው። ከአታሚው ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ሰብሳቢ አልበም ይገባሉ እንጂ ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው በፖስታ ቤት መስኮት አያልፉም፤ ስለዚህ የጎንደር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ሲመታ ቢኖር አንድም ላያጋጥመው ይችላል። የሚያያቸው ሰብሳቢው ነው። በዚያ ላይ አታሚው በአንድ አገር፣ ስሙ የተሰረቀው በሌላ፣ ገዢው በሦስተኛ አገር ስለሚገኙ የአንዱ አገር ፖሊስ ብቻውን የትም አይደርስም። ሰብሳቢዎች በየአገሩ ካልተነጋገሩ ነገሩ ሳይታወቅ ይኖራል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሕገ ወጥ ቴምብር የሚጋለጥበት አሠራርም ይህን ተከትሎ የተዘረጋ ነው። የተጠራጠረ ሰብሳቢ ወይም ማኅበሩ የቴምብሩን ፎቶግራፍ ስሙ ለተጠቀሰው አገር ፖስታ መሥሪያ ቤት ይልካል፤ መሥሪያ ቤቱ የእኔ አይደለም ካለ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ላለው የፖስታ ኅብረቱ ቢሮ ያሳውቃል፤ ቢሮውም ለአባል አገሮች ሁሉ ሰርኩላር ያሰራጫል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፊላቴሊ (የቴምብር ማሰባሰብ) ፌዴሬሽን፣ የነጋዴዎች ማኅበራትና የካታሎግ አሳታሚዎች ይቀባበሉታል፤ ካታሎግ ውስጥ ያልገባ ቴምብር ገዢ ማግኘት ይቸግረዋልና። የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት ሁለተኛው ነው፤ የተጠየቀው ፖስታ ቤት ካልመለሰ፣ ወይም እንደ ያኔዋ ሶማሊያ ጭራሹኑ ከሌለ፣ ሰርኩላሩ አይወጣም።

ማጣሪያውን ለማቅለል ኅብረቱ ከዓለም የፊላቴሊ ልማት ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2002 መጀመሪያ አንስቶ ለሕጋዊ ቴምብሮች መለያ ቁጥር ይሰጣል። የአገሩ መለያ ሁለት ፊደላት፣ ተራ ቁጥርና ዓመት የያዘውን ይህን ቁጥር ከነምስሉ ጎንደር ቁጭ ብሎ በስልክ ማየት ይቻላል። ሁሉም አገር ቴምብሩን ስለማያስመዘግብ ግን፣ ከመዝገቡ የጠፋ ሁሉ ሕገ ወጥ አይባልም።

የእኔን የእግር ኳስ ሉህ ከአልበሙ አውጥቼ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚያገኘው ሰው እንዳይታለልበት ፖስታው ላይ በእርሳስ «ሕገ ወጥ» ብዬ ጽፌበታለሁ።