የጽጌረዳ ሻጋታ ጅማ ላይ፦ ሲወራ የምንሰማውና እውነታው

ክረምት በገባ ቁጥር ጅማ ላይ በላስቲክ ቤት ጽጌረዳ ከሚያለሙ ልጆች ሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፣ "ሻጋታ ወጣብኝ፣ ምን ልርጭ?" ጊዜውም ክፉ ነው፣ ለምረቃ እቅፍ አበባ ሚፈለገው ልክ ዝናቡ ሲጠነክር ስለሆነ። ግን በሽታው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ነው ወደ መርጫው ሚሮጠው። ስለዚ ደጋግሜ ምሰማቸውን እያነሳሁ እውነታውን ልጻፍላችሁ፣ ረዘም ይላል ግን ገንዘባችሁም ጤናችሁም ስላለበት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

"ፈንገስ ያው ፈንገስ ነው፣ አንድ ኬሚካል ለሁሉም ይበቃል"

አይበቃም። ጽጌረዳ ላይ በዋናነት ሚያስቸግሩን ሦስት ናቸው። ፓውደሪ ሚልዲው ለጋ ቅጠልና የእምቡጡ አንገት ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቅጠሉም ይጨማደዳል። ቦትራይተስ ደግሞ መጀመሪያ አበባው ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ሆኖ ይታይና ቡናማ እየሆነ ይበሰብሳል፣ ቆይቶ ግራጫ ጸጉር ያበቅላል። ዳውኒ ሚልዲው ላይ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ሚያደላ ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ነጠብጣቡ በቅጠሉ ጅማት ስለሚታገድ ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው ነው፣ ከዛ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ ሁሉ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። ስሙ ከፓውደሪ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፣ ፈጽሞ አይገናኙም።

እንደውም ዳውኒ በሳይንሱ ፈንገስ ራሱ አይደለም። ኦሚሴት ሚባል ሌላ ወገን ነው፣ በ1845 እ.ኤ.አ. የአየርላንድን ድንች መጨረስ የጀመረው በሽታ ዘመድ። የፈንገስ ሴል ግድግዳ ኪቲን ሚባል ነገር ሲኖረው የነዚህኞቹ ግን ሴሉሎስ አለው፣ ኤርጎስቴሮል ሚባለውን ቅባትም ራሳቸው አይሰሩም። ይሄ ለምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ እነ ቴቡኮናዞልና ዳይፌኖኮናዞል ሚባሉት የፈንገስ ኬሚካሎች ሚገሉት የኤርጎስቴሮል ምርቱን በማቋረጥ ነው፣ ዳውኒ ጋር ሚያቋርጡት ነገር ስለሌለ ብትረጩት ብሩን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሪዶሚል ሚባለው ኬሚካል ድንቼን አድኖልኛል ብሎ ለፓውደሪ ሚረጭ አለ፣ ውስጡ ያለው ሜታላክሲል ሚሰራው በነዳውኒ ወገን ላይ ነው፣ ፓውደሪውን ምንም አያደርገውም። ስለዚ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡና ከስሩም እዩት፣ ካልገባችሁ ናሙና ይዛችሁ የዩኒቨርሲቲው እርሻ ኮሌጅ ሂዱና አሳዩ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው ያለው።

"ላስቲክ ስላለ ዝናብ አይነካውም፣ ማታ ብርድ እንዳይገባ ጥርቅም አርገህ ዝጋ"

ጅማ ላይ ብዙ አበባ ሚያበሰብሰው ይሄ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። ቦትራይተስ ዝናብ አያስፈልገውም፣ አበባው ላይ ለተወሰኑ ሰዓታት ውሃ ከተኛለት ወይም አየሩ ከ90 በመቶ በላይ እርጥበት ካለው በቃው፣ ሙቀቱ ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል፣ ማለትም የኛ የክረምት አየር።

ውሃው ከየት ይመጣል? ከአየሩ ራሱ። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አየር በእርጥበት ሲጠግብ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፣ ወደ 12 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መያዝ ሚችለው 11 ግራም እንኳ አይሞላም። 10 በ10 ሜትር ሆኖ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት 300 ኪዩቢክ ሜትር ነው፣ ቀን ያጠራቀመውን እርጥበት ይዞ ከተዘጋ በሌሊቱ ወደ 2 ሊትር ውሃ የግድ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ያ ቦታ ደግሞ ላስቲኩና አበባው ነው። በዛ ላይ ተክሉም አፈሩም ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ያድራሉ።

ጠዋትም ሌላ ነገር አለ። ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ እምቡጡ ግን ወፍራም ስለሆነ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል፣ ስለዚ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል። ብዙ ሰው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሲከፍት ጤዛው ከተኛ ቆይቷል። አመሻሽ 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ ሳይቀዘቅዝ ክፈቱና ቀን የተጠራቀመውን እርጥብ አየር አውጡ፣ ጠዋትም ፀሐይዋ ሳትበረታ 12 ሰዓት ላይ ጎኑን ከፈት አርጉት። ውጪው ራሱ እርጥብ ነው እኮ ትሉ ይሆናል፣ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ አየር በግራም ሲለካ ሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፣ ገብቶ ሲሞቅ ይደርቃል። ማጠጣቱንም ጠዋት አርጉት፣ በድሪፕ፣ ማለትም ስሩ ላይ ጠብ ጠብ በሚያደርግ ቱቦ ቢሆን ይመረጣል፣ ማታ በጎማ ከላይ ማርከፍከፍ ይቅር።

"ፓውደሪም የውሃ በሽታ ነው"

ይሄ ግማሽ እውነት ነው። የፓውደሪ ዘር (ሚራባበት ደቃቅ ብናኝ) ከአብዛኞቹ ፈንገሶች ይለያል፣ ለመብቀል ቅጠሉ ላይ ውሃ አይፈልግም፣ ውሃ ውስጥ እንደውም በደንብ አይበቅልም። ሚስማማው ማታ እርጥበት ያለው ቀን ደግሞ ደረቅ ሚሆን አየር ነው። ለዚህ ነው ባቱ እርሻዎች ላይ ሰርተው የመጡ ልጆች የዛን ቦታ የርጭት ፕሮግራም እንዳለ ጅማ ላይ ሲጠቀሙት ማይሳካላቸው፣ እዛ ስምጥ ሸለቆው ደረቅ ስለሆነ ትልቁ ጠላት ፓውደሪ ነው፣ እኛ ጋ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሚዘንብበት ቦታ ግን ክረምት ላይ ቦትራይተስና ዳውኒ ይቀድማሉ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ቦታው ነው የተለየው።

"የቡና በሽታ ወደ አበባው ይሻገራል"

ጓሮው ውስጥ ቡና ስላለ ላስቲክ ቤት መስራት የፈራ ሰው አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ወደ ሀገራችን የገባው የቡና ፍሬ በሽታ ይሄን አካባቢ ምን ያህል እንደጎዳ ሁሉም ቤት ይታወቃል። ግን የዛ ፈንገስ ኢላማ የአረቢካ ቡና አረንጓዴ ፍሬ ነው፣ የቡና ቅጠል ዝገቱም እንደዛው ቡናን እንጂ ጽጌረዳን አይዝም። የዱባ ፓውደሪም ጽጌረዳ ላይ አይወጣም። መፍራት ካለባችሁ ቦትራይተስን ፍሩ፣ እሱ ከ200 በላይ የእጽዋት ዓይነት ይይዛል፣ ቲማቲሙም እንጆሪውም ላይ አለ፣ የሞተ ቅጠል ላይም በደንብ ይኖራል። የተቆረጠውን ግንድና የረገፈውን አበባ ቤቱ በር ላይ ምትከምሩ ሰዎች እባካችሁ ዛሬውኑ አንሱት፣ በከረጢት አስራችሁ አርቃችሁ ቅበሩት፣ ከየትኛውም ርጭት በፊት ሚሰራ ስራ ይሄ ነው።

"ኬሚካል እየቀያየርኩ ነው ምረጨው"

እሺ ምኑን እየቀያየርክ? ስሙን ከሆነ አልቀየርክም። ሁለት የተለያየ ጠርሙስ የተለያየ የንግድ ስም ይዞ ውስጡ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ቢለያይ እንኳ አሰራሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያነሳኋቸው ቴቡኮናዞልና ዳይፌኖኮናዞል በፍራክ ኮድ፣ ማለትም ኬሚካሎችን በአሰራራቸው በሚመድበው ቁጥር፣ ሁለቱም 3 ናቸው፣ አንዱን የለመደ ፈንገስ ሌላውንም የመልመድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ሌብል ላይ ይሄ ቁጥር ይጻፋል፣ ከሌለ ባለሱቁን ጠይቁ፣ መቀያየር ያለበት ቁጥሩ ነው። መጠን መጨመርም አያድንም፣ የለመደው ዘር ይተርፍና እሱ ይባዛል፣ ተክሉ ግን ይቃጠላል።

"ድኝ አቃጥለህ ብታጨስበት ይጠፋል"

ይሄን አታድርጉ! ድኝ ለፓውደሪ በጣም ጥሩ ነው፣ እውነት ነው፣ ትልልቅ ግሪንሀውሶችም ማታ ማታ ይጠቀሙበታል፣ ግን እነሱ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያተኑታል እንጂ እሳት አያስነሱበትም። ድኝ ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሚባል ጋዝ ይሆናል፣ ቅጠሉንም የሰውንም ሳንባ ያቃጥላል። ሚረጨውንም ቢሆን ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አትርጩ፣ ዘይት ከተረጨ ቅርብ ቀን ከሆነም አትርጩ።

"ኮልድ ሩም (ማቀዝቀዣ ክፍል) ከገባ ሻጋታው ይሞታል"

አይሞትም። ቦትራይተስ 2 ዲግሪ ላይም ቀስ ብሎ ያድጋል። ስትቆርጡት ንጹህ የመሰላችሁ አበባ ዘሩን ይዞ ይሆናል፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ታሽጎ ሲጓዝ ይፈነዳል። በተለይ ከቅዝቃዜ አውጥታችሁ ሞቃት ባጃጅ ላይ ስትጭኑት ወዲያው ጤዛ ይይዘዋል፣ ስለዚ እርጥብ አበባ ቆርጣችሁ በላስቲክ አትጠቅልሉ፣ መጀመሪያ ይንጠፍጠፍ።

"ሽታው ከጠፋ መግባት ይቻላል"

ከሁሉም ሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም አበባ ሚቆርጡት ባብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ቅጠሉን ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ሲነኩት ይውላሉ። ሽታ ጠፋ ማለት ኬሚካሉ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ቅጠሉ ላይ ደርቆ ይቆይና በላብና በጤዛ ወደ ቆዳ ይገባል። ሌብሉ ላይ ከርጭት በኋላ ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት ተጽፏል፣ 12 ወይም 24፣ አንዳንዱ 48 ሰዓት ይላል። ሌብሉን ማንበብ ማይችል ሰራተኛ ካለ አሰሪው ያንብብለት፣ በሩም ላይ የተረጨበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ ይለጥፍ። የጨርቅ ማስክ የኬሚካል ትነት አያስቀርም፣ ለሚረጨው ልጅ የካርትሪጅ ማስክ (የትነት ማጣሪያ ያለው)፣ የጎማ ጓንትና ቦቲ ግዙለት፣ የረጨበትን ልብስ ደግሞ ከልጆች ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ።