ፖይንት ኤ ሚኒት ምንድን ነው?

ቃል በቃል «በደቂቃ አንድ ነጥብ» ማለት ነው። የአሜሪካን ፉትቦል (የኛው እግር ኳስ አይደለም፣ ያ እንቁላል የመሰለች ኳስ ታቅፈው የሚላተሙበት) የድሮ ታሪክ ውስጥ ከገባችሁ ይሄ ስም ይመጣል፣ ከ1901 እስከ 1905 የነበረው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ቲም ቅፅል ስም ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ እንዳትደናገሩ።

እኔ መጀመሪያ ስሰማው ደጋፊ ያጋነነው መስሎኝ ነበር፣ የ1901ን ውጤት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስደምረው ነው ዝም ያልኩት። 550 ለ 0! የሲዝኑ ነው እንግዲህ። 11 ተጫወቱ 11ዱንም አሸነፉ፣ 550 አስቆጠሩ አንድም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም፣ በጨዋታ ሲካፈል ድፍን 50 ይመጣል። መረባቸው አልተደፈረም እንዳልል ጨዋታው መረብ የለውም። አይዋን 50፣ ቤሎይትን 89፣ በፋሎን ደሞ 128 ለ 0 ነው የቀጡት። በጣም የተቸገሩበት ቀን ኦሃዮ ስቴትን 21 ለ 0 ያሸነፉበት ነው፣ ችግር ከተባለ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በዛን ጊዜ ታችዳውን (ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ) ነጥቡ እንደዛሬው 6 አልነበረም፣ 5 ነበር፣ ከሱ በኋላ በእግር የምትመታዋ ደሞ 1። ኳስ ወደፊት መወርወር ክልክል ነበር፣ የተፈቀደው በ1906 ነው። ስለዚ አሁን ቲቪ ላይ የምታዩትን ረጅም ውርወራ እርሱት፣ ያኔ ሶስት ሙከራ ይሰጥሃል፣ በሶስቱ 5 ያርድ (4 ሜትር ተኩል ገደማ) መግፋት አለብህ፣ ካልቻልክ ኳሷን ታስረክባለህ፣ በቃ ግፊያ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ 128 ማስቆጠር እንዴት ይቻላል?

መልሱ ብዙው አሰልጣኙ ጋ ነው፣ ፊልዲንግ ዮስት ይባላል፣ ሰዉ ያወጣለት ስም «ሃሪ አፕ» ነበር፣ ቶሎ በሉ እንደማለት፣ ልምምድ ላይ ሲጮህ የሚውለው እሱን ነበራ። የሱ ልጆች አንድ ግፊያ እንዳለቀ፣ ተጋጣሚው ገና ተደራርቦ ከወደቀበት ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ኳርተርባኩ (ጨዋታውን የሚመራው ልጅ) የሚቀጥለውን ሲግናል ጠርቶ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ያኛው ማን የቱ ጋ እንደሚቆም ሳያውቅ ኳሷ ሄዳለች። አስር ደቂቃ እንዲህ ሲሆንበት ትንፋሹ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ቆጠራ ነው። እርግጥ ከተጋጣሚዎቹ ገሚሱ ትንንሽ ኮሌጆች ነበሩ፣ ያንን አልክድም፣ ግን ትልቁ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲም 22 ለ 0 ቀምሷል።

የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። ጃንዋሪ 1 1902፣ ካሊፎርኒያ ፓሳዲና፣ የአበባ ፌስቲቫል አዘጋጆች ሰው እንዲመጣላቸው ብለው ሚቺጋንን ከስታንፎርድ ጋር አጋጠሙ፣ ዛሬ ሮዝ ቦውል የሚባለው ታዋቂ የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ የመጀመሪያው ማለት ነው። ዮስት በ1900 የስታንፎርድ አሰልጣኝ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ የራሳችን ምሩቅ ብቻ ይሁን ብሎ ህግ ሲያወጣ ነው የወጣው፣ አሁን በተቃራኒ ሆኖ መጣባቸው። ኒል ስኖው የሚባል ልጅ ብቻውን 5 ታችዳውን አስቆጠረ። ሚቺጋን በ11 ልጅ ጀምሮ በነዛው 11 ልጅ ጨረሰ፣ አንድም ሰው አልቀየረም። 49 ለ 0 ሲሆን 8 ደቂቃ ቀርቶ ነበር፣ የስታንፎርድ ካፒቴን ወደነሱ ሄዶ ከተስማማችሁ እዚህ ጋ ይብቃን አለ፣ እነሱም እሺ አሉ፣ ጨዋታው እዛው ቆመ። አዘጋጆቹም ሳይደነግጡ አልቀሩም መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፖሎ አመጡ፣ ከዛ የሰረገላ እሽቅድምድም፣ ፉትቦል እዛ የተመለሰው በ1916 ነው።

አሁን ወደ ስሙ፣ እውነት በደቂቃ አንድ ነበር? በአምስቱ ዓመት 57 ጨዋታ ተጫውተው 2,821 ነጥብ አስቆጠሩ፣ የተቆጠረባቸው 42 ብቻ ነው፣ ሲካፈል በጨዋታ 49.5 ገደማ። በህጉ አንድ ጨዋታ ሁለት 35 ደቂቃ ነው፣ 70 መሆኑ ነው፣ በሱ ከሄድን በደቂቃ አንድ አይሞላም። ግን ያኔ ካፒቴኖቹ ተስማምተው ሰዓቱን ማሳጠር የተለመደ ነበር (በተለይ የሚደበደበው ወገን ይለምናል)፣ በዛ ሲሰላ ስሙ ከእውነቱ ሩቅ አይሄድም። እኔ ብሆን ሂሳቡን ሳላጣራ ነበር የማፀድቅላቸው።

ይሄን ጉዞ ያቆመው ደሞ ምን መሰላችሁ፣ ኖቬምበር 30 1905፣ ቺካጎ ከተማ፣ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጋር። በዛ ሲዝን 12 ጨዋታ 495 ለ 0 እያሉ ነው የመጡት፣ ካለፉት ዓመታት ጋር 56 ጨዋታ ሳይሸነፉ። ሁለቱም ማግባት አቅቷቸው 0 ለ 0 እንዳሉ ቺካጎ የመታት ኳስ የሚቺጋንን የመጨረሻ መስመር አልፋ ወደቀች፣ አንዱ የሚቺጋን ልጅ ያዛት፣ እዛው ይዟት ቢንበረከክ ምንም አልነበረም፣ እሱ ግን ይዤ ልውጣ አለ፣ መስመሩ ላይ ተቀብለው ገፍተው ወደ ኋላ መለሱት። ይሄ ሴፍቲ ይባላል፣ ዋጋው 2 ነጥብ ነው። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ።