ኔትወርኩ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?

ሐሙስ ቀን ጅማ መርካቶ መሃል ቆማችሁ ፎቶ ለመላክ ሞክሩ። የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ፎቶው አልሄድ ሊል ይችላል። ምልክቱ በአብዛኛው የሚያሳየው የሲግናሉን ጥንካሬ እንጂ ጥራቱን አይደለም።

አንዱ ምክንያት የሰው ብዛት ነው። ሌላው ኢንተርፌረንስ፣ ማለትም የሲግናሎች እርስ በርስ መረባበሽ ነው። በ4ጂ ጎረቤት ታወሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሠራሉ። ሰርግ ቤት ውስጥ እንደማውራት ነው፤ አንዱ ድምፁን ሲያነሳ ሌላውም ያነሳል፣ መጨረሻ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም።

“ማበረታቻ” የሚባለው ዘዴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ስልክ ለራሱ ብቻ አስቦ የሚልክበትን ኃይል ይምረጥ ቢባል ሁሉም ይጨምራል። ስለዚህ ስሌቱ ውስጥ ዋጋ ይገባል፦ ጎረቤቱን ይበልጥ የሚረብሽ ይበልጥ “ይከፍላል”። ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚህ ነው። ከሞላችሁት ካርድ አምስት ሳንቲም አይቆረጥም። ዋጋው ሶፍትዌሩ ኃይል ሲመርጥ ከራሱ ጥቅም ላይ የሚቀንሰው ቁጥር ነው። ኃይሉ ሲወርድ ባትሪም ይቆጠባል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በ4ጂ አንድ ታወር ለጎረቤቱ “እዚህ ጋ ረብሻ በዝቶብኛል” የሚል መልእክት መላክ ይችላል። ጎረቤቱ ምን ምላሽ ይስጥ የሚለውን ግን የ4ጂ ስታንዳርዱ (የጋራ የአሠራር ደንቡ) ለመሣሪያው አምራች ትቶታል።