«ሞላ ብቻ ግጠምልኝ» ለሚሉኝ ሁሉ

«ባሌስትራውን አውጣና ሞላ ግጠምልኝ።» ባሌስትራ የተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት፣ ሞላ ደግሞ ጥቅልል ስፕሪንግ ነው። አዳማ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ወዲህ እንደዚህ ንግግር የሰለቸኝ የለም። ባለ ፒክአፑ በወዳጁ ላንድክሩዘር 80 ሶደሬ ደርሶ ይመለሳል። ምቾቱ ይጥመዋል። «እሱ እኮ የኋላው ሞላ ነው» ይሉታል። በማግስቱ እኔ ጋ ነው። «ኢንጂነር፣ ሁለት ሞላ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃሃል አይደል?»

አይበቃኝም። ባሌስትራ ጭነት ብቻ አይደለም የሚሸከመው። አክስሉን፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን ብረት፣ ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር ያሰረው ራሱ ባሌስትራው ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ነዳጅ ሲረገጥና ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ባለበት እንዳይዞርም ያግደዋል። ሞላ ከዚህ ሁሉ የሚችለው ሸክሙን ብቻ ነው። የዚያ የወደዳችሁት ላንድክሩዘር 80 የኋላ አክስል በአምስት ዘንግ ነው የተያዘው። ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ አንድ ደግሞ በአግድም ለጎን። ጎንበስ ብሎ የሚያይ ስለሌለ ምስጋናው ሁሉ ለሞላው ይሄዳል።

ይህን ሳስረዳ የባሰው ይመጣል። «እሺ፣ ዘንግም ሥራለት። ቦታ ባለበት በይደው።»

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ዲዛይኑ ማለት እኮ የት ይበየድ የሚለው ነው! ሌላው የብረት ቆረጣ ነው። መኪናውን ከጎን እዩት። የላይኛውንና የታችኛውን ዘንግ መስመር በሐሳብ ወደ ፊት አስረዝሙ። የሆነ ቦታ ይገናኛሉ። አሁን የኋላ ጎማ መሬት ከሚነካበት ተነስታችሁ በዚያ መገናኛ በኩል እስከ ፊት ጎማው ድረስ ሌላ መስመር ስቡ። መስመሩ ከፊት አክስሉ በላይ የሚደርስበት ከፍታ ከመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍታ ጋር እኩል ከሆነ 100 በመቶ እንላለን። ነዳጅ ሲረገጥ የኋላው አይቀመጥም፣ አይነሳምም። ከዚያ ካነሰ ይቀመጣል። በጣም ከበለጠ ይነሳል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጎማው መሬት ላይ መዝለል ሊጀምር ይችላል።

ሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣ ፒክአፕ ነበር። ከአሰላ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የኋላው ይዘላል። ባለቤቱ «አሞርዛተሩ (ንዝረት ማብረጃው) ነው» እያለ ሲቀያይር ከርሟል። ለካን። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር አካባቢ ነው። የክብደት ማዕከሉን ከፍታ 70 ሴንቲ ሜትር ብለን ገመትን። መኪናው ከፍ እንዲል ተደርጎ ስለነበር የታችኞቹ ዘንጎች ወደ ሻንሲው ሽቅብ ይወጣሉ። የላይኞቹ አጫጭር ናቸው። መስመሮቹ ከኋላ ጎማው 1 ሜትር ፊት ለፊት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። አስሉት። መስመሩ ፊት አክስሉ ላይ ሲደርስ ከፍታው 1.5 ሜትር ነው፤ ከ200 በመቶ በላይ! የታችኞቹን መያዣ ሻንሲው ላይ ዝቅ አደረግን፣ የላይኞቹን አስረዘምን። መገናኛው ወደ 1.5 ሜትር ራቀ፣ ከፍታው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ወረደ። 86 በመቶ መሆኑ ነው። ሞላና አሞርዛተር አልነካንም። ዝላዩ ጠፋ።

ርዝመትም ቀልድ አይደለም። አክስሉ 10 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ፣ ቀጥ ብሎ የተኛ የ30 ሴንቲ ሜትር ዘንግ 1.7 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይጎትተዋል። የ80 ሴንቲ ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ። የጎኑም ዘንግ እንዲሁ ነው፤ ረጅምና አግድም ይሁን። አለበለዚያ በየጉድጓዱ የኋላው ወደ ጎን ይገፋል፣ እናንተ መሪው ላይ ትፈርዳላችሁ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልመልስ። «አሞርዛተር ጭነት ይሸከማል።» አይሸከምም፤ ንዝረቱን ነው የሚገድለው። «ሁሉም መገጣጠሚያ ብረት በብረት ይሁን፣ ጎማ ቡሽ (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ጎማ) ደካማ ነው።» የወንጂን አቧራ አንድ በጋ አብላውና ድምፁን ስማ። «ድፍን ብረት ከቱቦ ይጠነክራል።» ውጩ 50 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ እኩል ከሚመዝን ድፍን ዘንግ ይልቅ ለመጉበጥ ከ3 እጥፍ በላይ ያስቸግራል። ቶርኖ ቤት ድፍን ብረት ተሸክማችሁ አትምጡ።

ከመቂ ሽንኩርት የምትጭኑ ደግሞ ባሌስትራችሁን ተዉት። የደከመውን ቀይሩ፣ ቡሹን አድሱ፣ ደህና አሞርዛተር ግጠሙ። ጭነት ሲጫን የክብደት ማዕከሉም ይነሳል። ባዶ መኪና ላይ የተሰላ ዲዛይን ያኔ ሌላ ዲዛይን ነው።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ሞላ ካላችሁ መያዣዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ አስበይዱ። ሞላውን አውጥታችሁ አክስሉን በክሪክ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱ። ጎማው የሚነካው ነገር አለ? የፍሬን ቱቦው ይወጠራል? ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ክሮቸራው (መታጠፊያ መገጣጠሚያው) እስኪጨናነቅ ይታጠፋል? ሁሉም ደህና ሲሆን ነው ሙሉ ብየዳ። የቡሹን ብሎኖች ግን መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ አጥብቁ። ተንጠልጥሎ ከታሰረ ቡሹ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ «የሠራህልኝ ተበላሸ» ብላችሁ እኔ ጋ ትመጣላችሁ።