ኪሎዋት ሰዓት ምንድን ነው? «በሰዓት 1600 ዋት ይበላል» የሚባል ነገር የለም

ባለ ሁለት ግራፊክስ ካርድ የጌም ኮምፒውተር መግዛት ያዋጣል አያዋጣም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ «ፓወር ሰፕላዩ 1600 ዋት ስለሆነ በሰዓት 1600 ዋት ይበላል። በወር 1152 ኪሎዋት ማለት ነው። መብራት ስትከፍሉ ትኖራላችሁ።» ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ሳጥን ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋትና ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን አነጋገር ከሻጭም ከገዢም ስሰማ ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ። ዘንድሮ ግን የሕንጻ ንድፍ የሚሠራ አንድ ወጣት ደንበኛዬ ይህንኑ ስሌት አምኖ፣ ለሥራው የገዛውን ማሽን ሊሸጥ ገዢ እያፈላለገ መሆኑን ሲነግረኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። የተሳሳተ ስሌት ሰውን ከእንጀራው ሊያፈናቅል ከደረሰ፣ ቢያንስ ስሌቱ ላይ መከራከር ይገባል።

ከቃሉ እንጀምር። ዋት በሆዱ ጊዜን ይዟል፤ አንድ ዋት ማለት በሴኮንድ አንድ ጁል (ጁል የተሠራ ሥራ መለኪያ ነው) ማለት ነው። ስለዚህ «በሰዓት ይህን ያህል ዋት» የሚል ሰው «መኪናው በሰዓት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» እንዳለ ይቆጠራል። «በወር 1152 ኪሎዋት» የሚለውም ያው ነው፤ «በወር ውስጥ የሄድኩት ፍጥነት» እንደ ማለት ነው። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው፣ ካርድ ስንሞላም የምንገዛው ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የፈጀው ኤሌክትሪክ ማለት ነው። 100 ዋት የሚስብ ዕቃም አሥር ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው ያንኑ ያህል ነው።

ይህ ልዩነት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ገበሬያችን «ጥማድ» የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ይጠቀምበታል። አንደኛው ቀንበር የተጫነባቸው ሁለት በሬዎች ናቸው። ሌላው እነዚያ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው። «አንድ ጥማድ በሬ አለኝ» እና «አንድ ጥማድ መሬት አለኝ» ሲባል የሚምታታበት ሰው የለም። የመጀመሪያው አቅም ነው፤ ሁለተኛው አቅሙ በጊዜ ተባዝቶ የወጣው ሥራ ነው። ኪሎዋት የበሬው ጥማድ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት የመሬቱ ጥማድ ነው። ጸሐፊው የቆጠረው በሬ ነው፤ ሒሳብ የሚከፈለው ግን በታረሰው መሬት ነው።

እንዲያውም የቆጠረው በሬውንም አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው 1600 ቁጥር የቀንበሩና የሞፈሩ ጥንካሬ ነው፤ ሳይሰበር ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ጉልበት ይናገራል። ጠንካራ ቀንበር ጭድ አይበላም። ያንኑ ኮምፒውተር ከባለ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ አውጥታችሁ በባለ 1600 ብታስሩት፣ ከግድግዳው የሚስበው ጉልበት ከጥቂት ዋት በላይ አይለወጥም። የሚበሉት ካርዶቹና ፕሮሰሰሩ ናቸው፤ እነርሱም የሚበሉት እንደ ሥራቸው ነው።

የወጣቱን ማሽን ቤቱ ድረስ ሄጄ ለካሁት። ሁለት አርቲኤክስ 3090 ካርዶች አሉት፤ እያንዳንዱ በፋብሪካው ልክ 350 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ 150 ያህል፣ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኮቹና ማራገቢያዎቹ ተደምረው 60 ያህል ይጨምራሉ፤ ድምሩ 910 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩ «80 ፕላስ ጎልድ» የሚባል የብቃት ደረጃ ስላለው፣ በዚህ ጭነት ከሚስበው 92 በመቶ ያህሉን ለክፍሎቹ ያደርሳል፤ ስለዚህ ከግድግዳው 990 ዋት አካባቢ መሳብ አለበት። የሕንጻውን ሥዕል በሁለቱም ካርዶች እንዲያሰላ አስጀምሬ መለኪያዬን በሽቦው ላይ ባደርግ፣ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር አሳየኝ። ያው 990 ነው።

መለኪያ የሌለው ሰው ቆጣሪውን ራሱን መጠቀም ይችላል። ቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። በዚያ ቤት ቁጥሩ 1000 ነበር። ፍሪጁን ነቅለን፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፍተን፣ ወጣቱ በስልኩ ሰዓት ይዞ እኔ ቆጠርኩ፤ በሦስት ደቂቃ 49 ጊዜ በራች። በሦስት ደቂቃ 50 ጊዜ ማለት 1000 ዋት ነው። ሥራውን አስቁመን ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ እንደበራ ብንቆጥር ግን በዚያው ጊዜ የበራችው 6 ጊዜ ብቻ ነው፤ 120 ዋት ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው 1600 ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ካርዶች በየቀኑ አራት ሰዓት ሙሉ ቢለፉ፣ በወር 119 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ጸሐፊው 1152 ያለው ማሽኑ ሌት ተቀን፣ ያውም ሊሸከመው በሚችለው ጫፍ እየሠራ ያድራል ብሎ ነው። ለማነጻጸር እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ5 ብር ብንይዘው፣ የእኔ ስሌት 595 ብር፣ የእርሱ 5760 ብር ይሆናል። የ5 ብሩ ቁጥር ለምሳሌ የተወሰደ ነው። ትክክለኛው ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ተደርጓል። ስለዚህ የራሳችሁን ደረሰኝ አይታችሁ አስሉ። አስቀድሞ ብዙ የሚፈጅ ቤት ላይ የሚጨመር 119 ኪሎዋት ሰዓትና በቁጠባ በሚኖር ቤት ላይ የሚጨመረው ዋጋቸው እኩል አይደለም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ችላ የሚለው ነገር አለ። ማሽኑ አራት ሰዓት ሠርቶ ቀሪውን ሃያ ሰዓት እንዲሁ እንደበራ ቢቀመጥ፣ ያቺ 120 ዋት በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ትሆናለች። ሰው 990ውን ፈርቶ እንቅልፍ ያጣል፤ 120ዋን ግን እንደበራች ትቷት ይተኛል።

ምጣዱንም አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ስለሚል ሁሉም ይፈራዋል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከኮምፒውተሩ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ጉልበት አለው። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር የሚፈጀው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የኮምፒውተሩ ግማሽ። ትልቁ በሬ ጥቂት ሰዓት አርሶ ሲፈታ፣ ትንሹ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ የበለጠ መሬት ይገለብጣል።

ይህ ማለት ግን የዋት ቁጥር አያስጨንቅም ማለት አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለሽቦና ለሶኬት የሚያሰጋው ኪሎዋት ሰዓቱ ሳይሆን የቅጽበቱ ጉልበት ነው። ማታ ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ ያው ኮምፒውተር 990 ዋቱን ለማግኘት 5.5 አምፔር ይስባል። በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር በካሬ ስለሚያድግ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ምጣድና ኮምፒውተር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ የሰካችሁ ዛሬውኑ ለዩአቸው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የምትገዙም «1000 ቪኤ» (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) የሚለውን 1000 ዋት አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ባለ 1000 ቪኤ የሚሸከሙት 600 ዋት ያህል ነው።

«80 በመቶ ብቃት ያለው ባለ 1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚሰጠው 800 ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ አባባልም ስሕተት ነው። የተጻፈው ቁጥር የሚሰጠው ነው። 1000 ለመስጠት ከግድግዳው 1250 ይስባል፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ታዲያ 910 ዋት ለሚበላ ማሽን ለምን 1600 ተገዛ? 3090ን የመሰሉ ካርዶች ለሴኮንድ ሽራፊ ከተጻፈላቸው ልክ እጅግ ዘለው ስለሚስቡ ነው። በሬ ድንገት ሲደነብር የሚሰበረው ደካማው ቀንበር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ጸሐፊው «ሁለት ካርድ ሁለት እጥፍ ዋት ስለሚበላ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ይሰጣል» ይላል። ዋት የፍጥነት መለኪያ አይደለም። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ጂቲኤክስ 480 ካርድ 250 ዋት ነበር፤ በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 980 ግን 165 ዋት ሆኖ በብዙ ይበልጠዋል።

ሁለት ካርድ አጣምሮ ጌም የማጫወት ዘዴን የእነዚህ ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ ከ2004 ጀምሮ ኤስኤልአይ ይለው ነበር፤ ተፎካካሪው ኤቲአይ በ2005 ክሮስፋየርን አመጣ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ካርዶቹ ተራ በተራ አንድ አንድ ምስል በማውጣት ነው። እያንዳንዱ ካርድ የጌሙን ዕቃ ሙሉ ግልባጭ በራሱ ማስታወሻ (ሚሞሪ) ስለሚይዝ፣ 24 እና 24 ጊጋባይት ተደምሮ 48 አይሆንም። ምስሎቹ በእኩል የጊዜ ርቀት ካልደረሱም በሴኮንድ የሚወጣው የምስል ቁጥር ከፍ ብሎ ዓይን ግን መንተባተብ ያያል። ከሁሉም በላይ፣ ጌሙ ለዚህ ተብሎ ካልተዘጋጀ ሁለተኛው ካርድ ምንም አይሠራም። ኤንቪዲያ ከጥር 2021 ወዲህ ለቀድሞዎቹ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ማስተካከያ ማውጣቱን አቁሟል። 3090 እና 3090 ቲአይ ለጥምረት የሚሆን ማገናኛ ያላቸው የመጨረሻዎቹ የጌም ካርዶች ሆኑ፤ 4090 እና 5090 ማገናኛው ጭራሹኑ የላቸውም።

ወደ በሬዎቹ ልመለስ። ሁለተኛ ጥማድ በሬ የገዛ፣ ነገር ግን ሁለተኛ አራሽ ያላገኘ ገበሬ መሬቱ እጥፍ አይታረስለትም፤ ሁለተኛው ጥማድ በረት ቆሞ ጭዱን ይቆረጥማል። የወጣቱ ማሽን ማታ ማታ አዲስ ጌም ሲያጫውት እንዲሁ ነበር። አንዱ ካርድ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ሌላው እጁን አጣጥፎ 25 ዋት ያህል እየሳበ ይቀመጣል። ጠቅላላው 640 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የፈራው ወጪም፣ ቃል የገባው ፍጥነትም የሉም። ቀን በሚሠራው የሕንጻ ሥዕል ላይ ግን ሥራው ተከፋፍሎ ለየካርዱ ስለሚሰጥ ሁለቱም ያርሳሉ፤ ጊዜውም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለዚህ ሥራ ሁለት ካርድ መግዛቱ ትክክል ነበር።

ሙቀቱንም ልጥቀስ። የተሳበው 990 ዋት በሙሉ በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ባለ 1000 ዋት ማሞቂያ ማለት ነው። ለደብረ ብርሃን ሌሊት ይህ በረከት ነው። ያንኑ ማሽን ጣርማ በርን አሻግሮ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደው ሰው ግን ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ሌላ ኤሌክትሪክ ይከፍላል። ደብረ ብርሃንም ብርዱ ሁሉን አይፈታም። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር አነስተኛ ነው። ብዙ አምራቾችም መመሪያቸው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፋሉ፤ አንብቡት።

ለወጣቱ ያደረግሁለት ነገር ማሽኑን ማሸጥ አልነበረም። የእያንዳንዱን ካርድ የዋት ገደብ በሶፍትዌር ከ350 ወደ 250 አወረድኩት። ካርድ የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ፍጆታው ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ያድጋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው ዋት ውድ ነው። ቀድሞ በ10 ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥዕል በ11 ደቂቃ አለቀ። የመጀመሪያው 990 ዋት በ10 ደቂቃ 165 ዋት ሰዓት ፈጅቶ ነበር፤ አዲሱ 770 ዋት በ11 ደቂቃ 141 ሆነ። ዘግይቶ ጨረሰ፤ የተከፈለበት ግን ያነሰ ነው። ወጣቱ አላመነኝም፤ አምፖሉን እንደገና አጥፍቶ ቆጣሪው ፊት ቆመና ራሱ ቆጠረ። በሦስት ደቂቃ 38 ጊዜ።