«በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጠፋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቀው ኤም82 ጋላክሲ የጻፈ ሰው እንዲህ ይላል፦ «ዝቅተኛ የራዲዮ ሞገድ ሁሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ በዚያ ያልታዩት የሱፐርኖቫ ቅሪቶች ከስመዋል።» ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ወዳጄ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሱፐርኖቫ ቅሪት፣ ማለትም የፈነዳ ኮከብ የተወው ፍርስራሽ፣ በተፈጥሮው ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ይደምቃል። ደብዝዞ ካገኘነው መንገድ ላይ የዋጠው ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የሚውጠው ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ባለሙያዎች ፍሪ-ፍሪ አብዞርፕሽን ይሉታል። ራዲዮ አቧራን ያልፋል፣ ልክ ነው። ይህ ግን አቧራ አይደለም።

እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር በእንጨት ዓሣ የሚጠበስበትን ቤት አስቡት። ጭሱ ሲወፍር የጓዳው አምፖል አይታይም። ተቃጥሏል የሚል ግን የለም። በር ላይ የተሰቀለው ደግሞ ቦግ ብሎ ይታያል። እንግዲህ የትኛው አምፖል ምን ያህል እንደደበዘዘ አይቶ፣ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደተሰቀለ መገመት ይቻላል። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። እሳቱንም ጭሱንም የሚያመጣው ያው እንጨት መሆኑን ልብ በሉ። ኤም82 ውስጥ ግዙፎቹ ወጣት ኮከቦች በጨረራቸው የጋዙን ኤሌክትሮኖች ያላቅቃሉ፤ ኋላ እነዚያው ኮከቦች ፈንድተው ቅሪት ይተዋሉ።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። በጭስ ውስጥ ቀዩ፣ ማለትም ረጅሙ ሞገድ፣ ይሻላል። በዚህ ጋዝ ውስጥ ግን የሚዋጠው ረጅሙ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ዝቅተኛ የሆነው፣ ነው። ፍሪኩዌንሲው በ10 እጥፍ ሲወርድ የጋዙ ውፍረት ለሞገዱ 125 እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰውየውን ያሳሳተው ይህ ይመስለኛል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመውን ሎፋር የተባለውን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ምልከታ እንይ። የኤም82 እምብርት ላይ በ154 ሜጋኸርዝ 16 ነገሮች ታዩ። በ118 ሜጋኸርዝ ከእነሱ የታዩት 6 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ 10 በዚያች ልዩነት ሞቱ? ኤስኤን 2008አይዜድ የተባለችው ሱፐርኖቫማ በሁለቱም አልታየችም። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ግን ቅርፊቷ ሲሰፋ ተለክቷል።

አሥሩም በጋዝ ተዋጡ ማለቴም አይደለም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የሰማዩ ጫጫታ ይጨምራል፣ ደካማው ይሸፈናል። የራሳችን አዮኖስፌርም፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት የላይኛው የምድር አየር፣ አለ። ኢትዮጵያ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስለሆነች እኛ እናውቀዋለን፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይናወጥና የጂፒኤስ ሲግናል ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ደግሞ ይብሳል። ያን ሳያርሙ ያነሱት ምስል ላይ ነጥቧ ትበተንና የጠፋች ትመስላለች። ስለዚህ መጀመሪያ አዮኖስፌሩን እናርማለን፣ ቀጥሎ ያንኑ ቅሪት በብዙ ፍሪኩዌንሲ እንለካለን። ድምቀቱ ከየትኛው ፍሪኩዌንሲ ጀምሮ ወደ ታች እንደሚያጎነብስ ስናይ ነው ከፊቱ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ የምናሰላው።